የፍሉይድ ላብራቶሪው ይከፈት

ክቡራን መምህራን፣ ውድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ለሴሚስተሩ መክፈቻ የማበረታቻ ንግግር አድርግ ተብዬ ነው የመጣሁት። አደርጋለሁ። በመጀመሪያ ግን ስለ አንድ ፓምፕ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ደጋ ላይ ባለች አንዲት ከተማ የውሃ ፕሮጀክት ተሠራ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ፓምፑ ውሃውን ከጉድጓድ እየሳበ ወደ ማጠራቀሚያው እንዲገፋ ነው የታሰበው። ጎርፍ እንዳይደርስበት ተብሎ የፓምፑ ቤት ከውሃው 7 ሜትር ከፍ ብሎ ተሠራ። ዲዛይኑን ያወጣው ልጅ ጎበዝ ነው። የዚሁ ግቢ ልጅ ነው፤ ፍሉይድን፣ ማለትም የፈሳሾችን ሜካኒክስ ትምህርት፣ በኤ ነው ያለፈው። መጽሐፉ የከባቢ አየር ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ያነሳል ይላል። 7 ደግሞ ከ10 ያንሳል። በቃ፣ ተፈረመ።

የምረቃው ቀን ፓምፑ ተነሳ። ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ጮኸ። ውሃ ግን ጠብ አላለም። ሞተሩ ነው ተባለና ተጠቀለለ። ፓምፑ ነው ተባለና አዲስ ተገዛ። አዲሱም ያንኑ ድምፅ አሰማ። እኔ ስደርስ ለሦስተኛ ፓምፕ ግዢ ደብዳቤ እየተጻፈ ነበር። እናቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ቦኖው ፊት ተቀምጠዋል። የፓምፑ ኦፕሬተር ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ጎተት አድርገው ወሰዱኝና፣ “ልጄ፣ ውሃው ርቆታል፤ ዝቅ አድርጉት” አሉኝ። ዝቅ አደረግነው። ውሃው ወጣ።

ነገሩ ምንድን ነው? 10.3 ሜትር እውነት ነው፤ በባሕር ወለል ላይ። እዚያ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። 2,500 ሜትር ላይ ሲወጡ ወደ 75 ይወርዳል። ይህ ውሃን ሊያነሳ የሚችለው 7.6 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ የውሃው የትነት ግፊት፣ ማለትም ውሃው ራሱ ሲተን የሚፈጥረው ግፊት፣ ይቀነሳል። ቱቦው ውስጥ በፍትጊያ የሚጠፋው ይቀነሳል። ፓምፑ ራሱ መግቢያው ላይ የሚፈልገው ይቀነሳል። ለመሳቢያ የሚተርፈው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሜትር ነው። ፓምፑ 7 ሜትር ላይ ሲሰቀል መግቢያው ላይ ግፊቱ በጣም ስለሚወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋዎቹ ፓምፑ ውስጥ ገብተው ግፊት ሲያገኙ በኃይል እየፈረሱ ብረቱን ይበሉታል። ካቪቴሽን የሚባለው ይሄ ነው። ያ የጠጠር ድምፅም እሱ ነው።

ያ ልጅ ቀመሩን ዛሬም ብትጠይቁት አንድ ሳይስት ይጽፍላችኋል። የሚኖርበትን አገር አየር ግን አንድ ቀን ለክቶ አያውቅም። ለምን? ላብራቶሪው እንደተቆለፈ ተምሮ ስለወጣ!

እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም። ከወርክሾፑ ጀርባ ያለውን ክፍል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፓምፕ መሞከሪያው ከነሳጥኑ ቆሟል። የቱቦ ፍሰት የሚለካው ቬንቹሪሜትር የመጣበት ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠለትም። ቁልፉ የት ነው ሲባል ኃላፊው ጋ ነው። ኃላፊው የት ናቸው ሲባል ስብሰባ ላይ ናቸው። ተማሪው ግን የላብ ሪፖርት ያስገባል! ከየት አምጥቶ? ከሲኒየር። ሲኒየሩስ? ከሲኒየሩ። ውሃ ነክቶት የማያውቅ ቁጥር ከባች ወደ ባች ይወረሳል፤ ማርክም ይሰጥበታል። ዕቃው ይበላሻል ይሉናል። ይበላሽ! ተማሪ እጅ ላይ የተበላሸ ፓምፕ ይጠገናል። ሳይነካ የተመረቀ መሐንዲስ የሚያበላሸውን ግን ከተማ ሙሉ ይጠማበታል!

በጀት የለም የሚሉም አሉ። እሺ፣ ያለ በጀት እንሥራ። 12 ሜትር የሚሆን ውስጡን የሚያሳይ ጎማ ግዙ፤ ግድግዳው ወፍራም ይሁን፣ ካልሆነ አየሩ ይጨፈልቀዋል። በውሃ ሙሉት፤ አረፋ እንዳይቀርበት። አንዱን ጫፍ አጥብቃችሁ ድፈኑ፣ ሌላውን ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ንከሩ። የተደፈነውን ጫፍ ከፎቅ ላይ ሆናችሁ በገመድ ሳቡት። መጀመሪያ ውሃው አብሮ ይወጣል። እዚህ አዲስ አበባ ሰባት ሜትር ተኩል አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጎማው ይወጣል፤ ውሃው አይከተልም። ከበላዩ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ ውሃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ሲነሳ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 በሜርኩሪ የተረዳው ይሄንኑ ነው። የእሱ 76 ሴንቲሜትር የሜርኩሪ ከፍታ እኛ ጋ 57 አካባቢ ነው የሚሆነው። ይህን ያየ ተማሪ 10.3ን ይዞ ደጋ ላይ ፓምፕ አይሰቅልም።

ሌላውን ባጭሩ። መሐንዲሱ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ማንችስተር ላይ ያደረገው በመስታወት ቱቦ በሚሄድ ውሃ ውስጥ ቀለም መልቀቅ ነው። ቀለሙ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ሲበታተን አየ። የቱቦ ፍሰት መበጥበጥ የሚጀምርበት የሬይኖልድስ ቁጥር 2,300 ነው እያላችሁ የምትሸመድዱት ነገር መነሻው ይሄ ነው። የፈሳሽን ግፊት፣ ፍጥነትና ከፍታ የሚያያይዘውን የበርኑሊን ቀመር ስትጽፉ ፍትጊያ የለም ብላችሁ እንደጀመራችሁ አትርሱ። ሻወሩ ደከመ ብሎ ትልቅ ሮቶ የሚገዛ ዘመድ ካላችሁም ብሩን አስጥሉት፤ ግፊት የሚሰጠው ከፍታው ስለሆነ ያለውን ሮቶ ከፍ ያድርገው።

ለዲፓርትመንቱ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘንድሮ ፋይናል ሳይደርስ እያንዳንዱ ተማሪ ያንን ፓምፕ በገዛ እጁ ያስነሳ። ቁልፉም ቀኑን ሙሉ እዚያው ለሚውለው ቴክኒሻን ይሰጥ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጎማውንና ባልዲውን ይዤ ደረጃው ሥር እጠብቃችኋለሁ። ገመድ የሚስቡ አራት ልጆች እፈልጋለሁ። ሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ክቡራን መምህራንም ኑልን።

አመሰግናለሁ።