የሥራ ማስታወቂያን ከታች ወደ ላይ ማንበብ

[ስክሪኑ ላይ፦ አንድ ገጽ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ]

እንኳን ደስ አላችሁ! መውጫ ፈተናውን አልፋችሁ፣ ቴምፖራሪ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ወጥታችኋል። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ የሥራ ቻናል ከፍታችሁ ስታገላብጡ ነው የምትውሉት። ዛሬ ስለ ሲቪ አላወራም፤ የሲቪ ቪዲዮ ሞልቷል። ብዙዎቻችን ማስታወቂያ ላይ የምናየው የመደቡን ስምና ደመወዙን ነው። ደመወዙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «በስምምነት» ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው ግርጌ ላይ፣ በደቃቁ የተጻፈው ውስጥ ነው።

[ወደ ግርጌው ጠጋ ይላል]

ይቺን ተመልከቱ፦ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት»።

«እኔ ገና ዜሮ ዓመት ነኝ፣ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያ ሥራችሁን ስትመርጡ ግን ከደመወዙ እኩል የሚያሳስባችሁ ይሄ ነው። አንድ ዘመድ ሱቁ ውስጥ ሒሳብ እንድትይዙለት ቀጠራችሁ እንበል። ደመወዝ በእጅ ነው። ውል የለም፣ ግብርም አይቆረጥም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያምር ደብዳቤ ጽፎ፣ ማህተም መትቶ ይሰጣችኋል። ደብዳቤውን ይዛችሁ ስትወዳደሩ የምዝገባ ሠራተኛዋ «የግብሩ ማስረጃስ?» ትላለች። በቃ፣ ሁለቱ ዓመት እዚያው ቀረ። እኔ ብሆን ትንሽ ዝቅ ያለ ደመወዝ በፔሮል፣ ማለትም ግብሩን ቆርጦ በደመወዝ መዝገብ የሚከፍለኝን እመርጣለሁ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ልመና አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ስትለቁ ብቻ ሳይሆን በጠየቃችሁ ጊዜ ሁሉ አሠሪው በነፃ መስጠት አለበት። የሥራው ዓይነት፣ የቆያችሁበት ጊዜና ደመወዛችሁ እንዲገለጽ ጠይቁ። «ጥሩ ጠባይ ነበራት» የሚለው ብቻውን የትም አያደርስም።

[ስክሪኑ ላይ፦ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»]

ገንዘብና ንብረት በሚነካ ሥራ ላይ ይቺ አትጠፋም። ፈተናውን አልፋችሁ፣ «ሰኞ ዋስሽን ይዘሽ ነይ» ተብሎ ሲደወል ነው ጭንቀቱ። ብዙ መሥሪያ ቤት ዋሱ የራሱን ደመወዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲያመጣ ይፈልጋል። አጎታችሁ ነጋዴ ከሆነ ላይሆን ይችላል። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ለመጣ ልጅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ሳትጠሩ በፊት አንድ ሰው አናግሩ።

የቀኑን ነገር በአጭሩ፦ «ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲል የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ቴሌግራም ላይ ካያችሁበት ቀን አይደለም። ለፎርም ወይም ለሥልጠና ብር ላኩ የሚል ካለ ዝም ብላችሁ እለፉት።

«2 ዓመት ልምድ» ሲልስ? መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በወረቀት ነው የሚያጣሩት፣ አትድከሙ። ትንሽ የግል ድርጅት ከሆነ ግን አመልክቱ። እዚያ ባለቤቱ ራሱ አናግሯችሁ ሊወስን ይችላል።

[ስክሪኑ ላይ፦ የሥራ ውል]

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀን ማለፍም አይችልም። በዚያ ጊዜም ደመወዝ አለ። «ሦስት ወር በነፃ እንይሽ» የሚል አሠሪ ከሦስት ወር በኋላም ያው ነው።

ኢንተርቪው መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲሏችሁ «የለኝም» ብላችሁ አትውጡ። «ደመወዝ የሚከፈለው በፔሮል ነው? ጡረታ ይቆረጣል?» በሉ። ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የሚያስከፋ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ካድበሰበሱት ግን፣ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።