ሞተሩን ከማጠባችሁ በፊት አንብቡት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አሮጌ ፒክአፕ ሞተር ነው፤ ግቢ ውስጥ፣ በገዛ እጅ ተፈትቶ ስለሚገጠም ሞተር። በደፈናው ከማወራ አንዱን ልምረጥ፤ የቶዮታ ሀይሉክሱን ሦስት ኤል (3L) የናፍጣ ሞተር። አራት ሲሊንደር፣ 2,779 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ጉዞም እኩል 96 ሚሊ ሜትር። ቱርቦ የለበትም፣ ኮምፒውተር የለበትም። ቤት ውስጥ ለመማርም ለመሥራትም ከዚህ የተሻለ የናፍጣ ሞተር አላውቅም።

ብዙ ሰው ሞተር መሥራት ማለት መፍታት፣ ዕቃ መቀየር፣ መግጠም ይመስለዋል። እኔ ግን የሥራው ግማሽ ያለቀው ከመፈታቱ በፊትና እየተፈታ ባለበት ሰዓት ነው ባይ ነኝ። ሞተሩ ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ አዲስ ፒስተን ቢገባለት፣ የመጀመሪያውን የገደለው ነገር ሁለተኛውንም ይገድለዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

እንግዲህ መኪናው ጉልበት አጣ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለ፣ ያጨሳል እንበል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ሞተሩ ይውረድ" ይላችኋል። ቆይ፣ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ። መለኪያው ለናፍጣ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቤንዚኑ ይህን ግፊት አይችለውም። ሞተሩን አሙቁ፣ አራቱንም ካንዴላ (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያውን) ፍቱ፣ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ካለው የናፍጣ መዝጊያ ሽቦውን ንቀሉ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ እያሰራችሁ አራቱንም በየተራ ለኩ።

የፋብሪካው መጽሐፍ ደህና ሞተር በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ቢያንስ 20፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 ያልበለጠ መሆን አለበት ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ሞተር በከንቱ ይፈታል። ቁጥሩ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ ገና ሲስብ ጎደሎ አየር ስለሚስብ፣ 32 የተባለው እዚህ ወደ 24 ይወርዳል፣ 20 የተባለውም ወደ 15። አዲስ አበባ ላይ 23 ያነበበ ሞተር ደህና ነው፣ ተዉት፤ ፊታችሁን ወደ ናፍጣ ማጣሪያው፣ ናፍጣውን ወደሚረጩት ኖዝሎችና ወደ ካንዴላዎቹ አዙሩ። ሦስቱ 23 ብለው አንዱ 14 ካለ ግን ያንን ከፍታ አላመጣውም።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና እንደገና ለኩ። ከዚያ አይብለጥ፤ የናፍጣ ሞተር ማቃጠያ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ዘይት ከበዛ ቁጥሩን በሐሰት ያሳድገዋል። ቁጥሩ በግልጽ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋስኬት ነው፤ ያኔ ቴስታታውን ብቻ ማውረድ ይበቃ ይሆናል።

ስለ ማውረዱ ብዙ አልልም። ሁለት መቶ ኪሎ ገደማ ብረት ነው፤ ፓራንኮ (የሰንሰለት ማንሻ) ይኑራችሁ፣ የምታንጠለጥሉበትም ነገር የጣራ ባሕር ዛፍ አይሁን። ሽቦና ቱቦውን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ብሎኑን በየቦታው ለይታችሁ በፌስታል አስቀምጡ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ሲፈታ ማንም ውሃም ናፍጣም እንዳያስነካው። አብዛኛው ሰው ገና ቴስታታው ሲነሳ ወደ እጥበት ይሮጣል፤ ያ ጥቁሩ ነገር ማስረጃ ነው። ጋስኬቱን አንሡና በሁለት ሲሊንደር መካከል፣ ወይም ከሲሊንደሩ ወደ ውሃ መንገዱ የተዘረጋ ጥቁር መስመር ፈልጉ። ካለ፣ የቃጠሎው ጋዝ በዚያ ሲሾልክ ኖሯል፤ ጋስኬት ብቻ ቀይራችሁ የተደፈነውን ራዲያተር ከተዋችሁት በቀጣዩ ረጅም ዳገት ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ። ቴስታታው ላይ ደግሞ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለውን ጠባብ ድልድይ በባትሪ ብርሃን እዩት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ብሮንዚኖቹን፣ ዘንግ የሚዞርባቸውን ስስ ግማሽ ክብ ብረቶች፣ አውጥታችሁ በተገኙበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ። የቢዬላው (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ፣ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ብሮንዚን ላይኛው ግማሽ ነው የቃጠሎውን ዱላ የሚቀበለው፤ እዚያ ግራጫው አልቆ መዳቡ ከታየ ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው፣ አይገርምም። ዙሪያውን የተጫሩ ቀጫጭን መስመሮች ካሉበት ግን ዘይቱ ውስጥ አሸዋ ነበር። አንዱ ብሮንዚን ከላይ በግራ ጠርዙ፣ ከታች በቀኝ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ቢዬላው ጠማማ ነው። ከአምስቱ ዋና ብሮንዚኖች የመሃሉ ከሌሎቹ በላይ ካለቀ ክራንክሻፍቱ ጎብጦ ይሆናል። ጀርባው የሚያብረቀርቅ ብሮንዚን ካገኛችሁ ደግሞ መቀመጫው ውስጥ ሲዞር ኖሯል፤ የቢዬላው ቀዳዳ ራሱ ሳይለካ አዲስ ብሮንዚን አይገባበትም።

ፒስተኖቹም ይናገራሉ። ጭንቅላቱ ላይ በአንድ ቦታ ብቻ የተበላ ካለ፣ የዚያ ሲሊንደር ኖዝል በትክክል መርጨት ትቶ ያንጠባጥብ ነበር። ጎናቸው ዙሪያውን የተጫረ ከሆነ ሙቀት ነው። በሲሊንደሩ አናት ላይ ጥፍራችሁን ከታች ወደ ላይ አንሸራቱት፤ የሚይዘው ጠርዝ ካለ፣ ከሥሩ ያለውን የላይኛው ፋሻ ተመላልሶ በልቶታል። ከዚያ ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን የጎማ ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቡናማ አቧራ ከመጣ ገዳዩ ተገኘ፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ። ለአንድ ሞተር ሥራ የሚወጣውን ብርና የዚያን ማሰሪያ ዋጋ ሳስተያይ ሁሌም ይቆጨኛል።

አሁን እጠቡ፣ ከዚያ ለኩ። የሲሊንደሩ ስፋት ከ96.00 እስከ 96.03 ነው፤ ገደቡ 96.23 ሚሊ ሜትር። በሦስት ጥልቀት፣ በሁለት አቅጣጫ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ስድስት ልኬት ውሰዱ፤ ከሁሉ የሚብሰው አናቱ አካባቢ ነው። ቀትር ፀሐይ ላይ አትለኩ። በአሥራ አምስት ዲግሪ ልዩነት ይህ ብረት አንድ መቶኛ ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ እጃችሁ ውስጥ የቆየ ማይክሮሜትርም እንዲሁ። ብሎኩም መለኪያውም ጥላ ውስጥ አድረው ጠዋት ይለካ።

ከገደቡ ካለፈ ወደ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ወደሚሠራበት) መሄድ ግድ ነው፤ ይህ እቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። መጀመሪያ በ0.50 ሚሊ ሜትር ያደገውን ፒስተን ግዙ፣ አራቱንም ለኩና ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእጃችሁ ባለው ፒስተን ልክ ነው እንጂ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው አይደለም። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ የተለያየ ጥራት ያለው ዕቃ ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ ማይክሮሜትሩን ይዞ መግዛት እንደ ንቀት መታየት የለበትም። ፒስተኖቹንም በወጥ ቤት ሚዛን እርስ በርስ አመዛዝኑ።

ክራንክሻፍቱ በ0.25 ወይም በ0.50 ሲቀነስ፣ የሚዞርበት ክፍል ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ክብነቱን እንዳያጣ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት። ጥጉ ስለት ሆኖ ከተላገ ክራንኩ አንድ ቀን ከዚያው ይሰበራል። ቴስታታው ከተላገ ደግሞ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ሦስት ኤል ቃጠሎውን የሚጀምርባቸው ትንንሽ ክፍሎች ቴስታታው ውስጥ ተጠቅጥቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ከተላገ በኋላ ከቴስታታው ገጽ ጋር እኩል እንዲሆኑ ከሥራቸው በቀጭን ሮንዴላ ይስተካከላሉ። ቫልቮቹን ገጥማችሁ በየቀዳዳው ነጭ ጋዝ ሙሉበት፤ በቫልቩ ጠርዝ ካላበ መሞረዱ ገና አላለቀም።

ሲሊንደሩ ተቦርቡሮና ተሞርዶ ሲመለስ ግድግዳው ላይ የተጣመረ ጭረት ይታያል፤ ዘይት የሚይዘው እሱ ነው። ጭረቱ ውስጥ ግን የሞረደው ድንጋይ ዱቄት ተቀብሯል። በናፍጣም በቤንዚንም አይወጣም፤ እነሱ ዘይቱን አጥበው ዱቄቱን እዚያው ይተዉታል። በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና፣ በብሩሽ እሹት። አድርቁት፣ ነጭ ጨርቅ ዘይት ነክራችሁ ግድግዳውን ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ሆነ? እንደገና ሳሙና። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙት፣ ቢታክታችሁም። የዘይት መተላለፊያዎቹን መድፈኛ ብሎኖች ፈትታችሁ በረጅም ብሩሽ እጠቡ። እንዳለቀ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ እርጥብ ብረት ሻይ እስክትጠጡ ድረስ ይዝጋል።

መግጠሙ ላይ ክራንኩን አስቀምጣችሁ በየብሮንዚኑ ላይ ፕላስቲጌጅ (ሲጨመቅ የሚዘረጋ ቀጭን የፕላስቲክ ክር) አድርጉና በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ) አጥብቁ። ክራንኩ ሳይዞር ፈታችሁ የተዘረጋውን ክር አብሮት በመጣው መለኪያ ወረቀት ለኩ። ከ0.035 እስከ 0.065 ሚሊ ሜትር አካባቢ ደህና ነው፤ 0.10 ገደቡ ነው። ቁጥሩ ካልተስማማችሁ ብሮንዚኑን በአሸዋ ወረቀት አትሹ፤ ተመለሱና ክራንኩን ለኩ። ዋናዎቹ ክዳኖች ከ1 እስከ 5 ቁጥር አላቸው፣ ቀስቱ ወደ ፊት ነው። የቢዬላ ክዳን የወንድሙን ቦታ አይወስድም።

እያንዳንዱን ፋሻ ያለ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱና በተገለበጠ ፒስተን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፤ ጫፍና ጫፉ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ ብረት ቅጠሎች መለኪያ) ለኩ። ለላይኛው ፋሻ 0.35 ገደማ ዝቅተኛው ነው። ከዚያ ከጠበበ ሲግል ጫፎቹ ይገጫጫሉ፣ ሲሊንደሩንም ይጭራሉ። ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ክፍተቶቹ በአንድ መስመር አይሁኑ።

ፒስተኖቹ ከገቡ በኋላ አናት ላይ ሲደርሱ ከብሎኩ ገጽ ምን ያህል እንደሚወጡ በዳያል ጌጅ (በባለ ቀስት መለኪያ) ለኩ፤ ከአራቱ የሚበልጠውን ያዙ። የቴስታታ ጋስኬቱ በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚበላለጥ ሦስት ውፍረት አለው፣ የሚመረጠውም በዚህ ቁጥር ነው። ሻጩ የሰጣችሁን ዝም ብላችሁ አትግጠሙ። ብሎኩ ተልጎ ቀጭኑን ካደረጋችሁ ፒስተኑ ቴስታታውን ይነካል። ሳያስፈልግ ወፍራሙን ካደረጋችሁ ኮምፕሬሽኑ ይወርድና ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ነጭ ጭስ ብቻ ነው የሚሆነው።

የቴስታታ ብሎን ቀዳዳዎችን አድርቁ። ሥሩ ዘይት ያቆረ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን ሲጠብቅ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ ሬንቹ "ጠበቀ" ይላችኋል፣ ቴስታታው ግን አልተያዘም፣ ብሎኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጥብቁ። አንዳንዱ ብሎን በቶርክ ብቻ፣ ሌላው ከቶርኩ በኋላ በዲግሪ ስለሚጠብቅ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከመጽሐፉ አረጋግጡ።

የታይሚንግ ቺንጋውን (ክራንኩንና ቫልቮቹን የሚያገናኘውን ቀበቶ) ከመወጠሪያው ጋር ቀይሩ፣ ውሃ ፓምፑንም እንደዚያው። ቺንጋው ዕድሜው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቶቹ መመለሳቸውን እዩ። የሚያግድ ነገር ከተሰማችሁ አትግፉ። የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛው፣ ማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50። ቫልቭ ከተሞረደ በኋላ ግንዱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ክፍተቱ መጥበቡ አይቀርም፤ ሳይለካ የተገጠመ ማስወጫ ቫልቭ አልዘጋ ብሎ ይቃጠላል።

ሲነሳ፣ መጀመሪያ የናፍጣ መዝጊያውን ሽቦ ንቀሉና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አዙሩ፤ እያሳረፋችሁ። ከዚያ ሽቦውን መልሱና አስነሡት። ሰዓታት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እንዲቆም የሚመክሯችሁ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ፋሻው ከግድግዳው ጋር የሚላመደው በግፊት ነው፤ ሚኒሞ ላይ ግፊት ስለሌለ ግድግዳው መስታወት ይሆንና ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ዘይት ይበላል። ሲሞቅ ሊኬጅ አይታችሁ ወደ መንገድ አውጡት፤ መካከለኛ ዳገት፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ። ከባድ ጭነት እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ይቆይ።

በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይሩ፣ አሮጌውን ማጣሪያ በመጋዝ ቁረጡና ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩ። ጥቂት ጥሩ ዱቄት ይጠበቃል። በጥፍር የሚያዝ ቅንጣት ወይም የመዳብ ቀለም ካለ መኪናውን አቁሙና ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ) አውርዱ፤ የቢዬላ ብሮንዚን በዚያ ሰዓት በርካሽ ይቀየራል። በ1,000 ላይ የቫልቭ ክፍተቱን በቀዝቃዛው ድገሙት። ፓምፑና ኖዝሎቹ የራሳቸው መፈተሻ ማሽን ስለሚፈልጉ በሚቀጥለው ክፍል ለብቻቸው እመለስባቸዋለሁ። ደህና ሁኑ።