የመሮጫ ጫማውን ማን ይግዛ? የበጎ አድራጎት ድጋፍ ለታዳጊ ስፖርተኞች

(ምስል፦ ሶሉ የሳሳ፣ ጥርሶቹ ያለቁ የመሮጫ ጫማ በቅርበት ይታያል።)

የዚህ ጫማ ባለቤት የ15 ዓመት ታዳጊ ነው እንበል። በዚህ ዕድሜው የሽልማት ገንዘብ አያገኝም፤ ስፖንሰሮች አያውቁትም፤ የፌዴሬሽኖች በጀትም በአብዛኛው የሚውለው በታላላቅ ውድድሮች ለተፈተኑ አዋቂዎች ነው። ስለዚህ የጉዞው፣ የምዝገባውና የሕክምናው ወጪ በወላጆቹ ላይ ይወድቃል፤ እነርሱ ካልቻሉ ደግሞ ልጁ ስፖርቱን የሚተወው ተሰጥኦው ገና ሳይታወቅ ነው። የበጎ አድራጎት ገንዘብ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ።

(ምስል፦ የቆየ የፍርድ ቤት መዝገብ።)

ስፖርተኛን መርዳት በሕግ ዘንድ በጎ አድራጎት ለመባል ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1895 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ለሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ዋንጫ በኑዛዜ የተተወ ገንዘብ በጎ አድራጎት አይደለም ሲል ወስኗል፤ አማተር ስፖርትን ማስፋፋት በእንግሊዝና በዌልስ የበጎ አድራጎት ዓላማ ሆኖ በሕግ በግልጽ የሰፈረው በ2006 ነው። በአሜሪካ ደግሞ የ1976ቱ የግብር ሕግ ዓለም አቀፍና አገር አቀፍ አማተር ውድድርን የሚያበረታቱ ድርጅቶችን ቢቀበልም፣ የስፖርት ማዘውተሪያና መሣሪያ እንዳያቀርቡ ከልክሎ ነበር። ውድድሩን ደግፉ፣ ጫማውን ግን አትግዙ እንደ ማለት ነው! ይህ ገደብ የላላው በ1982 ነው።

(ምስል፦ ታዳጊዎች በመነሻ መስመር ላይ።)

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ከባዱ ሥራ ምርጫ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው፣ ታዳጊ ስፖርተኞችን የሚረዳው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስፖርትስኤይድ ተረጂዎቹን የሚቀበለው በየስፖርቱ የበላይ አካል ሲጠቆሙለት ነው፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የድጋፍ ፕሮግራም የሆነው የኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ ስኮላርሺፕም የሚጠየቀው በየአገሩ ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል ነው። ይህ አሠራር ሐሰተኛ ማመልከቻን ቢቀንስም፣ ጠቋሚው ያላየውን ልጅ ለጋሹም አያየውም።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን የልደት ወር የሚፈጥረው ነው። በካናዳ የበረዶ ሆኪ የታዳጊ ቡድኖች ውስጥ በአውሮፓውያን ዓመት የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች በርክተው መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተስተውሏል፤ ምክንያቱም የዕድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ሲሆን፣ በጃንዋሪ የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው እኩያው በአንድ ዓመት ሊጠጋ በሚችል ልዩነት ይበልጣል፤ አሠልጣኙም ቀድሞ መጎልመስን እንደ ተሰጥኦ ይቆጥረዋል። ስለሆነም በእኔ እምነት መራጮች የአንድ ቀን ሰዓትን ሳይሆን የሁለት ወይም የሦስት ዓመት መሻሻልን፣ ከልደት ወርና ከቁመት ዕድገት ጋር አያይዘው ሊመዝኑ ይገባል።

(ምስል፦ የታሰረ ጉልበት፤ ከአጠገቡ የተዘረጋ የውል ወረቀት።)

ወላጆች የድጋፍ ውል ከመፈረማቸው በፊት አንድ አንቀጽ ደጋግመው እንዲያነቡ እንመክራለን፦ ልጁ ቢጎዳ ክፍያው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ውጤትን ብቻ የሚከተል ውል ክፍያውን የሚያቋርጠው የፊዚዮቴራፒ ወጪ በሚጀምርበት ወር ነው።