መውጫዋን ይጠይቁልን

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኩዮቼ፤ የተከበሩ የምክር ቤት ተወካያችን፣ እንኳን ደህና መጡ።

ስለ መንገዱና ስለ ውሃው ከእኔ በፊት የተነሡት ተናግረዋል። እኔ የማወራው ስለ አንድ የቁምሳጥን ቁልፍ ነው።

ጅዳ ውስጥ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከኤርፖርት የወሰደኝ ሰውዬ ፓስፖርቴን ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም ከወርቋ ጋር ቆለፈችበት። በሳምንት ሁለቴ ያንን ቁምሳጥን እወለውል ነበር። ፓስፖርቴና እኔ መካከላችን አንድ ሳንቃ ብቻ። የሁለት ዓመት ኮንትራቴ አልቆ «አገሬ ልግባ» ስላት፣ «ሌላ ሠራተኛ እስክትመጣ ጠብቂ» አለችኝ። ሌላዋ የመጣችው ከሃያ ወር በኋላ ነው።

መዳሜ ክፉ ነበረች አልልም። ስታመም አሳክማኛለች፣ ደመወዜንም እያዘገየችም ቢሆን ከፍላኛለች። ያሰረኝ የእሷ ጠባይ ሳይሆን ከፋላ የሚሉት፣ የውጭ ሠራተኛን ካስመጣት አሠሪ ጋር የሚያስር ሥርዓት ነው። ኢቃማሽ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ በከፊልሽ፣ ባስመጣሽ አሠሪ፣ እጅ ነው። ተደብድበሽም ሆነ ተርበሽ ከቤቱ ከወጣሽ፣ «ሁሩብ»፣ ጠፍታለች፣ ብሎ ያስመዘግብሻል፤ ከዚያ በኋላ ፖሊስ የሚፈልገው አንቺን ነው። ደግ ቤት መግባት ዕጣ ነው፤ በዕጣ ደግሞ ልጅ አይላክም።

ይህ ሕግ ሁሉንም የውጭ ሰው እኩል ቢይዝ እንኳ ባልከፋ። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ማሻሻያ ስታደርግ፣ የኩባንያ ሠራተኛ በተወሰነ ሁኔታ አሠሪ እንዲቀይርና የመውጫ ቪዛውን ራሱ እንዲጠይቅ ፈቀደች። የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሹፌር፣ አትክልተኛና እረኛ ግን ከማሻሻያው ውጭ ቀሩ። እኛ ማለት ነው! የሊባኖስ የሥራ ሕግም ከ1939 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አያውቃትም። በ2012 ሰኔ አካባቢ ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ጥለው ሲሄዱ በስልካችን አይተናል። በዚያው ዓመት ማብቂያ የአገሪቱ ሠራተኛ ሚኒስቴር የተሻለ ኮንትራት ቢያወጣም፣ ጥቅምት ላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ አገደው። ከፋላ ቀረ ሲባል ስንቴ ሰማን!

«የሰው አገር ሕግ ነው፣ እኛ ምን አገባን» የሚሉ አሉ። ኳታርም የሰው አገር ናት። በ2012 ለቤት ሠራተኞች የመውጫ ፈቃድን አስቀረች፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየርንም ፈቀደች። መሬት ላይ ገና ብዙ ይጎድለዋል፤ ነገር ግን የዓለም ዋንጫው እየቀረበ ሲሄድ ጩኸት ስለበዛባት የመጣ ለውጥ ነው።

በሩን እንዝጋው ማለትም አያዋጣም። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር፣ እኛም ጉዞውን አገድን። ልጆቹ ግን ቤታቸው አልተቀመጡም፤ በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ አድርገው በጀልባ ወደ የመን ነጎዱ።

ስለዚህ የተከበሩ ተወካያችን፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። አዋጅ 923/2008 ሲወጣ ከእኛ መንግሥት ጋር የሥራ ስምምነት ወደሌለው አገር ሠራተኛ አይላክም ብሎ ነበር። አስፈጻሚው የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የማጽደቅ ሥልጣን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የተሰጠው ለእናንተ ምክር ቤት ነው። ስምምነት ሲቀርብልዎ ስንት ሺህ ሰው እንደሚላክ ከማየትዎ በፊት መውጫዋን ይፈልጉ፦ ይህች ልጅ «በቃኝ» ባለች ቀን በማን ፈቃድ ትመለሳለች? ፓስፖርቷ ማን ጋ ያድራል? መልሱ «ከፊሏ ሲፈቅድ» ከሆነ ይቃወሙ። ሚኒስትሩንም ጠርተው፣ ለእነዚያ መንግሥታት ይህ አድልዎ ነው ብለን በይፋ ነግረናቸው እንደሆነ ይጠይቁልን።

ብቻዎን ሊሆኑ ይችላሉ። በቴሌቪዥን «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ሲባል ከሰማን፣ ያ አንዱ የእኛ ሰው እንደሆነ እናውቃለን።

ከዚህ ቀበሌ ሰባት ልጆች ፓስፖርት አውጥተው ቪዛ እየጠበቁ ነው። ሁለቱ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስብሰባው ሲያልቅ ከመኪናዎ በፊት ወደ እነሱ ቢሄዱልኝ ደስ ይለኛል።