እናቴ ሰግዳ ሳትነሳ መብራቱ ጠፋ

ፋህሚ፦ እንደምን አመሻችሁ፤ ከድሬዳዋ ነው። ዛሬ የምናወራው ሰው ሲገባ በራሱ ስለሚበራ፣ ሰው ሲወጣ በራሱ ስለሚጠፋ መብራት ነው።

ሰብለ፦ ማብራቱስ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ማጥፋቱ ላይ ነው።

ፋህሚ፦ እሱን ነው የምነግርሽ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ከዚራ ሰፈር ያለው የድሮ ቤት። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ኮሪደሩ ቀን እንኳ ጨለማ ነው። እናቴ ለሱብሂ፣ ለንጋት ሶላት፣ ስትነሳ ማብሪያውን ግድግዳ እየዳበሰች ነበር የምታገኘው። አንድ ሌሊት ደረጃዋን ስታ ጉልበቷን ተመታች። በነጋታው ሴንሰር፣ ሰው አይቶ መብራቱን የሚያዝ ዕቃ፣ ልግጠም ብዬ ተነሳሁ።

ሰብለ፦ አሁንስ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?

ፋህሚ፦ አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች። እና አንዱን ኮሪደሩ ላይ፣ አንዱን ሳሎን ገጠምኩ። ኮሪደሩ ግሩም ሆነ። ከክፍሏ እግሯን እንዳወጣች ቦግ ይላል። ሳሎን ግን... ሰግዳ ጨርሳ መስገጃው ላይ ቁጭ እንዳለች ሙስበሃዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ትቆጥራለች። የሚንቀሳቀሰው አንድ አውራ ጣቷ ብቻ ነው። መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ! እጇን ስታወዛውዝ ይበራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል። ጠዋት ጠራችኝና "እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ያ ዕቃህ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም አለኝ" አለችኝ።

ሰብለ፦ ውይ እናቴ!

ፋህሚ፦ ከልቤ ነው ያሳዘነኝ። ለሷ ብዬ የገጠምኩት ነገር እሷን አላያትም።

ሰብለ፦ የማያየው ለምን እንደሆነ እንንገራቸው። ያ ነጭ፣ ለሁለት የተከፈለ ኳስ የሚመስለው ሴንሰር ፒ አይ አር ይባላል። ነጩ ፕላስቲክ ሌንስ ነው። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ዕቃ ሁለት ዓይን አላት በሉ። የሰው ገላ ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይለቃል፤ ኢንፍራሬድ የሚሉት። ሌንሱ ክፍሉን እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይከፋፍለዋል። ሰው ከአንዱ ሽንሽን ወደ ሌላው ሲያልፍ አንደኛው ዓይን ቀድሞ ያያል፣ ሌላኛው ይከተላል። ያቺ ልዩነት ናት "ሰው አለ" የምታሰኘው። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ካዩ ግን ዝም ይላል።

ፋህሚ፦ ስለዚህ የሚያውቀው እንቅስቃሴን ነው፤ ሰው መኖሩን አይደለም። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ሰብለ፦ ቁጭ ያለ ሰው ለሱ እንደ ሶፋ ነው።

ፋህሚ፦ እኔ የተጠቀምኩት ብዙዎች የሚጀምሩባትን ርካሿን ነው፤ ኤችሲ ኤስአር 501። ጀርባዋ ላይ በካቻቪቴ የሚዞሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ርቀቱን ከ3 እስከ 7 ሜትር ያስተካክላል። ሌላው በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 5 ደቂቃ ገደማ። መጀመሪያ እንደመጣች ነበር የተውኳት። ከዚያ እስከ ጥግ አዞርኩት፣ 5 ደቂቃ አደረግኩት።

ሰብለ፦ ተስተካከለ?

ፋህሚ፦ ተሻለ። ግን እናቴ ከ5 ደቂቃ በላይ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። እኔም ብሆን መጽሐፍ ሳነብ እንደዚያው ነኝ።

ሰብለ፦ አሁን የኔን ልንገርህ፤ የባሰ ነው። እኛ ሳቢያን ሰፈር ነን፤ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ወንድሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ጓደኞቹን ሰብስቦ በርጫ አላቸው። ሙቀቱ እንዳይገባ መስኮቱም መጋረጃውም ይዘጋል፤ ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያስፈልጋቸዋል። ሴንሰር ገጠምኩላቸው። መጀመሪያ ላይ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል፣ ይሠራል። ወደ 10 ሰዓት፣ ምርቃናው ሲይዛቸውና ሁሉም ዝም ሲል፣ ጥፍት! ሰባት ሰው ጨለማ ውስጥ።

ፋህሚ፦ ዋሪያ! እንደኔ እናት ማለት ነው፤ ስለማይንቀሳቀሱ።

ሰብለ፦ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን አንዱ ተነስቶ እጁን ቢያወዛውዝም አይበራም ነበር! ሴንሰሩ ሥር ድረስ መሄድ ነበረበት። ሰንብቼ ነው የገባኝ። ይህ ሴንሰር የሚያየው በሰው ገላና ከኋላው ባለው ግድግዳ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። የሰው ቆዳ ከላዩ ወደ 33 ወይም 34 ዲግሪ ነው። የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ ታውቀዋለህ።

ፋህሚ፦ 35 አልፎ ይሄዳል።

ሰብለ፦ ግድግዳውም እንደዚያው ይግላል። ሰውዬውና ግድግዳው አንድ ሙቀት ላይ ሲደርሱ ለሴንሰሩ ሰው የሚባል የለም። ዕቃው አልተበላሸም፤ ልዩነቱ ነው የጠፋው። ማታ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ በደንብ ያያል። እኔ በከንቱ ሁለት ሴንሰር ቀይሬያለሁ።

ፋህሚ፦ ይህን ለድሬ ሰው ማንም አይነግረውም። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ 7 ሜትር ይላል፤ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሆነ የሚያይ የለም።

ሰብለ፦ ሐረር ብትሆን ችግሩ ይቀንሳል። ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከኛ በ600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፤ አየሩም ደስ ይላል።

ፋህሚ፦ የሐረሩ አጎቴ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ጀጎል ውስጥ ነው ቤቱ። በሩ ላይ የገጠመው መብራት ሌሊት ሌሊት ይበራል። ሌባ መስሎት ተነስቶ ቢያይ ጅብ ነው! በግንቡ ቀዳዳ ገብተው በየመንገዱ ይዞራሉ እኮ። እሱ ግን ወዶታል። ጅቡ ሲያልፍ በመስኮት ያየዋል።

ሰብለ፦ ለሱስ በትክክል ሠርቶለታል። ሙቅ ገላ አለፈ፣ በራ። አሁን ወደ መፍትሔው እንሂድ፤ አንተ ሳሎን ምን አደረግህ?

ፋህሚ፦ ራዳር ነው ያስገባሁ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ጣት የምታክል ሰሌዳ ነው። ኤልዲ 2410 የሚሏት አለች፤ በ24 ጊጋኸርዝ የምትሠራ። ይቺኛዋ ሙቀት አትጠብቅም። ራሷ ሞገድ ትልካለች፣ ተመልሶ ሲመጣ ትለካዋለች። የሞገዱ ርዝመት 12 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰው ሲተነፍስ ደረቱ በሚሊሜትር ወጣ ገባ ይላል። ለሷ ያ ይበቃታል።

ሰብለ፦ እስቲ ድገመው። ትንፋሽ ታያለች?

ፋህሚ፦ የደረት እንቅስቃሴን ታያለች። ቀጥታ ከፊት ለፊቷ ከሆንሽና በጣም ካልራቅሽ ነው እንጂ። እናቴ የምትሰግድበትን ጥግ እንድታይ አድርጌ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ሱብሂ ላይ ቀስ ብዬ በበሩ አየሁ። ቁጭ ብላለች፤ ጸጥ። አውራ ጣቷ ብቻ ትሄዳለች። መብራቱ አልጠፋም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሰብለ፦ ደስ ሲል!

ፋህሚ፦ ግን ለሷም ዓመል አላት። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ቤቱ ባዶ ሆኖ መብራቱ በርቶ አገኘሁት። ምን ይመስልሻል?

ሰብለ፦ ቬንትሌተር።

ፋህሚ፦ የኮርኒሱ ቬንትሌተር! ይዞራል፣ እሷ ሰው አለ ትላለች። ድሬ ላይ ደግሞ ቬንትሌተር የማይዞርበት ሰዓት የለም።

ሰብለ፦ እኔም ቤት መጋረጃው ነፋስ ሲነካው እንደዚያው ነው። አንተ እንዴት አስተካከልክ?

ፋህሚ፦ ይቺ ሰሌዳ ርቀቱን በ75 ሴንቲሜትር በ75 ሴንቲሜትር ከፋፍላ ነው የምታየው። ለእያንዳንዷ ክፍል ስሜቷን መጨመር ወይም መቀነስ ትችያለሽ፤ ለሚንቀሳቀስ ለብቻ፣ ለተቀመጠ ለብቻ። ቬንትሌተሩ በየትኛው ርቀት ላይ እንዳለ ለክቼ እዚያ ጋ ስሜቷን አደነዘዝኩት። ከሁሉም በላይ ግን የጠቀመኝ አቅጣጫዋ ነው። ወደ ላይ ቀና ብላ ነበር፤ ዝቅ አድርጌ ወደ መስገጃው አዞርኳት።

ሰብለ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የናንተ ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ አይታወቅህም እንጂ፣ ሞገዱ ስስ ነገር አልፎ ያያል። እኛ አንዱን ክፍል በቺፕውድ ነው የከፈልነው። ወንድሜ ከዚያ ማዶ ሲተኛ የሳሎኑ መብራት ይበራል። ቆርቆሮ ግን አያሳልፈውም፤ ይመልሰዋል።

ፋህሚ፦ እና ምን ይሻላል ብለሽ ጨረስሽ?

ሰብለ፦ ሁለቱን አንድ ላይ። ፒ አይ አሩ ያብራ፤ ፈጣን ነው፣ በቬንትሌተርም አይታለልም። አንዴ ከበራ በኋላ ራዳሩ ሰው እስካለ ያቆየው። የሚጠፋው ሁለቱም "ማንም የለም" ብለው አንድ ደቂቃ ሲሞላቸው ነው። በሙቀቱ ሰዓት ፒ አይ አሩ ስለሚደክም ከበሩ አጠገብ አድርጉት፤ ሰው ቅርብ ሲያልፍ እንዲያየው። ደግሞ ሰው ፊቱን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፊት ለፊት እየመጣበት ያለን ሰው ዘግይቶ ነው የሚያየው፤ ሽንሽኑን ስለማያቋርጥለት።

ፋህሚ፦ ኮሪደርና መጸዳጃ ቤት ግን ፒ አይ አር ብቻውን ይበቃል። ሰው ቁጭ የሚልበት፣ የሚሰግድበት፣ የሚያጠናበት ክፍል ነው ራዳር የሚፈልገው። መኝታ ቤት ጨርሶ አታስገቡ የምል ሰው ነኝ። ሰው በተገላበጠ ቁጥር መብራት ይበራ? አይሆንም።

ሰብለ፦ መብራት ሲሄድና ሲመጣስ? እሱን ሳናነሳ አንለፍ።

ፋህሚ፦ አቦ፣ እሱ ያቃጥላል። በስልክ የሚታዘዙት ዘመናዊ አምፖሎች ብዙዎቹ ኃይል ሲመለስ በርተው ነው የሚነሱት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት መጣ፤ የቤቱ አምፖል ሁሉ ቦግ! ሕፃን ያለበት ቤት አስቢው። ማስተካከያው ውስጥ "ኃይል ሲመለስ ምን ልሁን" የሚል አለ፤ "ጠፍቼ ልቆይ" የሚለውን ምረጡ።

ሰብለ፦ ፒ አይ አሩም ኃይል እንዳገኘ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቀባጥራል፤ ታገሱት። ሌላው ኢንተርኔት ነው። ትእዛዙ ውጭ አገር ሰርቨር ደርሶ የሚመለስ ከሆነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ኮሪደራችሁ ጨለማ ነው። እዚያው ቤት ውስጥ የሚወስን ይሁን። ሆም አሲስታንት የሚባለው፣ እንዲህ ያሉ የቤት ዕቃዎችን የሚያዝ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ወይም ምንም ሶፍትዌር የሌለው፣ ሴንሰሩና አምፖሉ በቀጥታ የተያያዙበት ይበቃል። ለእማማ ኮሪደር ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ፋህሚ፦ አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አትንቀሉ። ሴንሰር ያስገባ ሰው ሁሉ "ከእንግዲህ አያስፈልግም" ብሎ ሲደፍነው አያለሁ። የሰባ ዓመት እናት ሃምሳ ዓመት ሙሉ እጇ የለመደውን ቦታ አትንጠቋት። ሴንሰሩ ቢታመም፣ እንግዳ ቢመጣ፣ እሷ መብራቱን ባትፈልገው፣ በእጇ ማዘዝ አለባት።

ሰብለ፦ ይህን ከልቤ ነው የምስማማበት። እና ሽቦ ስትነኩ ብሬከሩን አጥፉ። 220 ቮልት ነው። የድሮ ቤቶች ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ፌዝ፣ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ብቻ ነው ያለው፤ ኒውትራል፣ መላሹ ሽቦ፣ የለም። ሴንሰር ያለው ማብሪያ ደግሞ አብዛኛው ኒውትራል ይፈልጋል። ሳትገዙ በፊት የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ሳጥኑን ከፍቶ ይይላችሁ።

ፋህሚ፦ እኛ ቤትም አልነበረም። ከኮርኒሱ ላይ ነው ያወረድነው።

ሰብለ፦ እሺ፣ አንድ ጥያቄ ለራሴ። የበርጫው ክፍል ራዳር በእጄ ገብቷል፤ አልገጠምኩትም። የት ላድርገው?

ፋህሚ፦ ቬንትሌተሩ የት ነው?

ሰብለ፦ መሃል ኮርኒሱ ላይ። መጋረጃው በስተግራ፣ ቺፕውዱ በስተቀኝ።

ፋህሚ፦ መጋረጃው ያለበት ግድግዳ ላይ ወገብ ከፍታ አድርጊው፤ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ ፍራሾቹን እንዲያይ። ከቺፕውዱ ማዶ ያለውን ርቀት ዝጊበት። ነገ ከሰዓት እመጣለሁ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ነው መሞከር ያለበት።

ሰብለ፦ 10 ሰዓት ላይ ና። ሁሉም ዝም ብለው ታገኛቸዋለህ።