ዝይዎቹን አታስነሡ፦ ለቀድሞ የታክሲ ሾፌሮች የኅዳር ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ደላዌር፣ ወደ ቦምቤይ ሁክ የዱር እንስሳት መጠለያ ስለምናደርገው ጉዞ እንድናገር የጋበዘኝን ኮሚቴ አመሰግናለሁ። የተጠየቅሁት ስለ መንገዱና ስለ ስንቁ ነው፤ እርሱን መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለና ታገሡኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ ፍራሽ በዘረጋሁበት በዚያው በምታውቁት አሮጌ ቫን ብቻዬን ስዞር፣ «ሰው ጠፍቶ ነው ከወፍ ጋር የሚውለው?» እያላችሁ ስታሙኝ ከርማችኋል። ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ብቻዬን የምሄደው ሰው ጠልቼ ሳይሆን፣ ሁለት ሰው ባለበት ጨዋታ ስለሚደራ፣ ጨዋታ ሲደራ በር ስለሚከፈት፣ በር ሲከፈት ደግሞ ወፍ ስለሚሄድ ነው።

ቦምቤይ ሁክ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የተቋቋመ መጠለያ ነው። ዛሬ በመኪና የምንዞርባቸውን ግድቦችና ኩሬዎች የሠሩት፣ ከ1938 እስከ 1942 በመንግሥት የሥራ ዘመቻ እዚያ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው፤ በሩን ስታልፉ ይህን አስቡ። በ12 ማይሉ መንገድ ዳርና ዳር፣ በዚህ ወር ከአርክቲክ የወረዱ ነጭ ዝይዎች በአሥር ሺዎች ያርፋሉ። ወፎቹ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጥግ የቆመ መኪና ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ያን ጊዜ እስከ መስኮቱ አጠገብ ይመጣሉ። የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር ነው፤ ነጩ ፊታቸው ላይ ደግሞ ዝገት የመሰለ ቀለም ታያላችሁ፤ የሣር ሥር ለመንቀል ብረት ባለው ጭቃ ውስጥ ራሳቸውን ሲነክሩ የሚይዛቸው ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የሆነውን አብረን ያየን እናውቃለን። ስም አልጠራም። ጎሕ ሲቀድ ደረስን፤ ኩሬው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር፤ እኔ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ሻይ ልቀዳ ስል፣ ከኋላዬ ያለው ወንድማችን አንድ እጁ ስልኩ ላይ፣ አንድ እጁ ክላክሱ ላይ ሆኖ፣ በአሮጌው የሥራ ልማዳችን ለቀቀው! ዝይ ሁሉ ብድግ አለ፤ ሰማዩ ተናወጠ፤ ከየመኪናው ጭብጨባ ተሰማ፤ ከወዲያኛው ግድብ አንዲት ካሜራ የደገኑ አሮጊት ፈረንጅ ዞረው ያዩን አስተያየት እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ኩሬው ግን ባዶውን ቀረ፤ ለዘገዩት እኅቶቻችን ያሳየናቸው ውኃ ብቻ ነበር።

ያ ዝይ ለቪዲዮ አልመጣም! በከንቱ በተነሣ ቁጥር ለክረምቱ ያጠራቀመውን ስብ ያቃጥላል፤ ንስር በላዩ ሲያልፍ መነሣቱ አይቀርለትም፣ የእኛ ጭማሪ ምን ይሠራለታል? በግንቦት እዚያው ደላዌር ቤይ ዳርቻ ሬድ ኖት የምትባል ትንሽ ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ትመጣለች፤ ሁለት ሳምንት ያህል ሆርስሹ ክራብ የሚባል የባሕር ፍጥረት እንቁላል በልታ ክብደቷን እጥፍ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ካላሳደገች፣ አርክቲክ ደርሳ መፈልፈል ያዳግታታል። ኒው ጀርሲ ለእርሷ ሲል የባሕር ዳርቻ ለሰው ይዘጋል። ጎረቤት ዳርቻ ሲዘጋላቸው፣ እኛ ክላክስ እንነፋባቸዋለን? ደግሞስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ስንጠብቅ መኪና ውስጥ ስንት ዓመት ተቀምጠናል? ከዚህ አዳራሽ ሰው የበለጠ መጠበቅ የሚያውቅ ማን አለ?

ወደ ኮሚቴው ጥያቄ ልመለስ። አውቶቡስ መከራየቱ ይቅር፤ በየመኪናው ሦስት ሰው ይበቃል። የፌዴራል መንግሥት የሚሸጠውን የ25 ዶላር የዳክዬ ቴምብር የገዛ መግቢያ አይከፍልም፤ ከ1934 ጀምሮ በዚሁ ገንዘብ ነው ረግረግ ሲገዛ የኖረው፤ ከአንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለመሬቱ ይውላል። መጠለያው ውስጥ ማደር ክልክል ነው፤ እኔ ራሴ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቼ ስቴት ፓርክ ነው የማድረው፤ ማደር የሚፈልግ ቦታውን አስቀድሞ ይያዝ። ስንቅ ያዙ፤ ወፍራም ልብስም እንዲሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከዚህ አዳራሽ በር እንነሣለን፤ የዘገየ ሰው ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ ራሱ ይድረስብን።

አመሰግናለሁ።