የኪራዩ ገንዘብ ከየት መጣ? እንግሊዝ አገር ቤት ለሚያከራዩና ለኤጀንቶች

(ምስል፦ ለንደን፣ «የሚከራይ ቤት» የሚል ሰሌዳ የተተከለበት ደጅ)

አንድ ሰው ቤት ሊከራይ ይመጣል። ክፍሎቹን በቅጡ እንኳ ሳያይ «የዓመቱን ኪራይ አሁኑኑ በጥሬ ገንዘብ ልክፈል» ይላል። ኤጀንቱም ደስ ብሎት ይቀበላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተከራዩ ሐሳቡን ይቀይርና «ቀሪውን እዚህ ሒሳብ አስገቡልኝ» ብሎ የሌላ ሰው ሒሳብ ቁጥር ይሰጣል።

ምንጩ ያልታወቀ ጥሬ ገንዘብ ገብቶ፣ የኪራይ ተመላሽ ሆኖ ከኤጀንቱ ሒሳብ ወጣ ማለት ነው። አሁን «ከየት አመጣኸው?» ቢባል የሚያሳየው ወረቀት አለው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ የሚባለው ይሄ ነው።

(ምስል፦ «10,000 ዩሮ»)

ብሪታኒያ ይህን የሚቆጣጠረውን የአሁኑን ደንብ ያወጣችው በ2017 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከጥር 10 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ የወር ኪራያቸው 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሆኑ ቤቶችን የሚያከራዩ ኤጀንቶች በደንቡ ውስጥ ገቡ። እነዚህ በግብር መሥሪያ ቤቱ፣ በኤችኤምአርሲ፣ ይመዘገባሉ። የአከራዩንም የተከራዩንም ማንነት ያጣራሉ። ተከራዩ ድርጅት ከሆነ ከ25 በመቶ በላይ ድርሻ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሰነዱን 5 ዓመት ያስቀምጣሉ።

«የኛ ቤት ኪራይ 1,800 ፓውንድ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

የ2002ቱ የወንጀል ገቢ ሕግ የኪራይ መጠን አይለይም። ገንዘቡ የወንጀል መሆኑን እያወቀ ወይም እየጠረጠረ ያስተናገደ ሰው እስከ 14 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ማዕቀብም እንደዚሁ ነው። ከግንቦት 14 ቀን 2025 ወዲህ ማንኛውም ኤጀንት፣ ኪራዩ 500 ፓውንድም ይሁን 15,000፣ ማዕቀብ የተጣለበት ሰው ካጋጠመው ግምጃ ቤቱ ሥር ላለው የማዕቀብ አስፈጻሚ ቢሮ ማሳወቅ አለበት። ቤቱን ራሱ የሚያከራይ ባለቤት ይህ የሪፖርት ግዴታ ባይኖርበትም ክልከላው ይመለከተዋል። ማዕቀብ ላለበት ሰው ያለ ፈቃድ ቤት መስጠት አይቻልም።

(ምስል፦ አንድ ስም በሦስት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ)

የማዕቀቡ ዝርዝር በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። የኛ ስም ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያደርገዋል። በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ስለዚህ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጋችሁ አትተዉት። ስሙ ገጠመ ብላችሁም ሰውየውን አታባርሩ። የትውልድ ቀኑንና ዜግነቱን አስተያዩ።

ከሁሉም የሚከብደው ይሉኝታ ነው። «የአገሬ ልጅ ነው፣ ገንዘቡን ከየት አመጣኸው ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ?» ጠይቁ። ጥያቄው ስድብ አይደለም። ንጹሕ ሰው በአንድ ወረቀት ይመልሰዋል።

እቁብን እንውሰድ። እቁብ ወጥቶልህ ዲፖዚትና የመጀመሪያ ወር ኪራይ ብትከፍል ምንም ሕገ ወጥ ነገር የለውም። እቁብ ሰምቶ የማያውቅ ኤጀንት ግን የሚያየው ድንገት የመጣ ብዙ ሺህ ፓውንድ ነው። ስለዚህ መዋጮህን በባንክ ላክ፤ ዕጣህንም በባንክ ተቀበል። ከሰብሳቢው የተፈረመች አጭር ደብዳቤም ያዝ። ኪራይህን አጎትህ የሚከፍልልህ ከሆነ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ተናገር።

(ምስል፦ ኤጀንቱ ቢሮ ውስጥ ስልክ ይዞ)

ጥርጣሬ ሲመጣስ? የኤጀንቱ ሠራተኛ ለዚህ ለተመደበው ኃላፊ ይነግራል፤ ኃላፊው ለብሔራዊ የወንጀል ኤጀንሲ ሪፖርት ያደርጋል። ገንዘቡን ለመመለስ ወይም ለማስተላለፍ ፈቃድ ከተጠየቀ ኤጀንሲው መልስ ለመስጠት 7 የሥራ ቀን አለው። እስከዚያ ገንዘቡ አይነካም። ለደንበኛውም «ሪፖርት አድርገንብሃል» አይባልም፤ መናገሩ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ደንበኛው በየቀኑ ሲደውል ዝም ማለት ከባድ ነው። ሠራተኞቻችሁ የሚሉትን ቀድመው ይወቁት።

ለተከራዮች አንድ ነገር። በእንግሊዝ ከ2019 ወዲህ ኤጀንት ለማጣሪያ ብሎ ተከራይን ማስከፈል አይችልም። ፓስፖርት ቢጠይቃችሁ ስጡ፤ የማጣሪያ ክፍያ ቢጠይቃችሁ አትክፈሉ።